በቨርጂኒያ ሽጉጥ ሸሽጎ የመያዝ ፈቃድ አወጣጥና ከድልድዩ ማዶ ያለው ሕግ

በሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖሩ ወገኖች፣ በተለይም ሌሊት ኡበርና ታክሲ የሚነዱና አምሽተው ሱቅ የሚዘጉ፣ ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ሽጉጥ ሸሽጎ የመያዝ ፈቃድ እንዴት ይወጣል? ካወጣሁ በኋላስ ዲሲና ሜሪላንድ ይዤው መግባት እችላለሁ?» የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ብዙዎች ከሚገምቱት ቀላል ነው። የሁለተኛው ደግሞ «አይችሉም» ነው። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ለቨርጂኒያ ነዋሪ የተጻፈ ነው። የቨርጂኒያ አዳዲስ ሕጎች በአብዛኛው በየዓመቱ ጁላይ 1 ቀን ሥራ ላይ ስለሚውሉ፣ ማመልከቻዎን ከማስገባትዎ በፊት የስቴቱን ፖሊስ ድረ ገጽ አንድ ጊዜ ይመልከቱ።

በቅድሚያ ፈቃዱ ምን እንደሚጨምርልዎ ይወቁ። መሣሪያ መያዝ ያልተከለከለ ሰው ሽጉጡን በግል መኪናው ውስጥ በተዘጋ ሣጥን ወይም ክፍል ለማስቀመጥ በቨርጂኒያ ፈቃድ አያስፈልገውም። ፈቃድ የሚያስፈልገው ሽጉጡን ከጃኬት ሥር፣ በወገብ ወይም በቦርሳ ከዕይታ ሰውሮ ለመያዝ ነው። ያለ ፈቃድ ሸሽጎ የተገኘ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ቢሆንም እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ ሊያስከትል በሚችል ወንጀል ይከሰሳል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• በቨርጂኒያ መንግሥት የተሰጠ፣ ጊዜው ያላለፈበት ባለ ፎቶ መታወቂያ (መንጃ ፈቃድ ወይም መንጃ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት፣ ዲኤምቪ፣ የሚሰጠው መታወቂያ)፣ ወይም የአሜሪካ ፓስፖርት። የሜሪላንድ መንጃ ፈቃድ አያገለግልም።
• ኤስፒ-248 የተባለው የማመልከቻ ቅጽ።
• በአካል ተገኝተው የወሰዱት የሽጉጥ አያያዝ ሥልጠና ምስክር ወረቀት፤ ፎቶ ኮፒውም ይበቃል።
• ክፍያ፣ በጠቅላላው ከ50 ዶላር የማይበልጥ።
• ዜጋ ካልሆኑ ግሪን ካርድዎ፣ በቅጹ ላይ የሚሞላው ቁጥር እርሱ ላይ ስለሚገኝ።

ደረጃ 1፦ መብቱ እንዳለዎት ያረጋግጡ

ይህን ደረጃ ዘለው ወደ ሥልጠና አይሂዱ። ምክንያቱ ገንዘብ እንዳይባክን ብቻ አይደለም። በፌዴራል ሕግ መሣሪያ እንዳይዝ የተከለከለ ሰው በተኩስ መለማመጃ ቦታ የተከራየውን ሽጉጥ በእጁ መጨበጡ ራሱ «መያዝ» ተብሎ ሊያስከስሰው ይችላል።

ዕድሜዎ 21 ዓመት የሞላ መሆን አለበት። ቀጥሎ የሚመጣው የመኖሪያ ሁኔታ ነው። ፈቃዱ የሚሰጠው ለአሜሪካ ዜጋና ለግሪን ካርድ ባለቤት ነው። ጥገኝነት ተፈቅዶለት ግሪን ካርዱን ገና የሚጠባበቅ ሰው ለዚህ ፈቃድ ካርዱ እስኪመጣ መቆየት ይኖርበታል። በቪዛ ያለ፣ ቪዛው ያለፈበት፣ ወይም የጥገኝነት ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ያለ ሰው ደግሞ ፈቃዱ ቀርቶ መሣሪያ መያዙ ራሱ የፌዴራል ወንጀል ሊሆንበት ስለሚችል፣ ማንኛውንም ሽጉጥ ከመንካቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር። የሥራ ፈቃድ ካርድ መያዝ መሣሪያ የመያዝ መብት አይሰጥም።

ከዚያ የኋላ ታሪክዎን በሐቀኝነት ይመርምሩ። በከባድ ወንጀል የተፈረደበት፣ በትዳር ጓደኛው ወይም በቤተሰቡ ላይ በፈጸመው ጥቃት የተፈረደበት፣ የፍርድ ቤት የጥበቃ ትዕዛዝ የወጣበት፣ እንዲሁም ከባድ ክስ በእንጥልጥል ያለበት ሰው አይፈቀድለትም። ላለፉት 3 ዓመታት ጠጥቶ በማሽከርከር ወይም በአደባባይ በመስከር የተፈረደበትም እንደዚሁ። ባለፉት 5 ዓመታት ውስጥ በሁለት ቀላል ወንጀሎች የተፈረደበትና ከሁለቱ አንዱ ከፍተኛው የቀላል ወንጀል ደረጃ የሆነበት ሰውም ውድቅ ይደረጋል። ሹፌሮች እዚህ ላይ ይደነግጣሉ፤ ይሁንና በስቴቱ የትራፊክ ሕግ ሥር የሚወድቁ ጥፋቶች፣ በፍጥነት ምክንያት የሚመጣው «ሬክለስ ድራይቪንግ» (በግድየለሽነት ማሽከርከር) ጭምር፣ በዚህ የሁለት ጥፋት ስሌት ውስጥ አይገቡም።

ማሪዋናም ብዙ ሰው ያሳስታል። በቨርጂኒያ ለአዋቂ ሰው ጥቂት መጠን መያዝ ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ቢፈቀድም፣ ሽጉጥ ሲገዙ የሚሞሉት 4473 የተባለው የፌዴራል ቅጽ ስለ ተጠቃሚነት ይጠይቃል፤ የስቴት ፈቃድ የፌዴራሉን ክልከላ እንደማያነሣም እዚያው ያስጠነቅቃል። በቅጹ ላይ መዋሸት ለብቻው ወንጀል ነው።

ደረጃ 2፦ ሥልጠናውን በአካል ይውሰዱ

ከጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ወዲህ በኢንተርኔት ብቻ የተወሰደ ኮርስ ተቀባይነት የለውም። የኤንአርኤ (የአሜሪካ ብሔራዊ የጠመንጃ ማኅበር) ወይም የስቴቱ የወንጀል ፍትሕ አገልግሎት መምሪያ የምስክር ወረቀት ያለው አሠልጣኝ የሚሰጠው ትምህርት፣ የአዳኞች ደኅንነት ኮርስ፣ ወይም በአሜሪካ ጦር ውስጥ ያገለገሉበት ማስረጃ ይበቃል። በሌላ አገር ሠራዊት ወይም ሚሊሺያ ውስጥ ያገኙት ልምድ ምንም ያህል ረዥም ቢሆን ምስክር ወረቀቱን አይተካም።

ከመመዝገብዎ በፊት አሠልጣኙን ሁለት ነገር ይጠይቁት፦ ምስክር ወረቀቱ በቨርጂኒያ ፍርድ ቤት ተቀባይነት አለው ወይ፣ ጥይት መተኮስንስ ይጨምራል ወይ? ሽጉጥ ይዞ የማያውቅ ሰው ሳይተኩስ ከክፍል እንዲወጣ አልመክርም። ጣትን ተኩስ እስኪወሰን ድረስ ከምላጩ ውጭ ማድረግ፣ አፈሙዙን ምንጊዜም ሰው ወደሌለበት ማዞር፣ ካዝናውን (የጥይት መያዣውን) ካወጡ በኋላም በርሜሉ ውስጥ አንድ ጥይት ሊቀር እንደሚችል ማወቅ በንግግር ብቻ አይለመዱም። በተለይ የመጨረሻውን ልብ ይበሉ። ካዝናው ወጥቷልና ሽጉጡ ባዶ ነው ማለት አይደለም፤ መጀመሪያ ካዝናውን ያውጡ፣ ከዚያ የላይኛውን ተንሸራታች ክፍል ወደኋላ ስበው ጥይት የሚጎርስበትን ቦታ በዓይንም በጣትም ይፈትሹ። ቅደም ተከተሉን ካገላበጡት ተንሸራታቹ ወደፊት ሲመለስ አዲስ ጥይት ያጎርሳል።

ደረጃ 3፦ ቅጹን ይሙሉ

ኤስፒ-248 ጥቂት ገጽ ያለው ቅጽ ነው። እኛን የሚያስቸግረው የስም ጉዳይ ነው። በመንጃ ፈቃድ ላይ የአያት ስም ያለው፣ በግሪን ካርድ ላይ የሌለው፣ ወይም የአባት ስሙ በሁለት ዓይነት የእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ ሰው ብዙ ነው። በመታወቂያው ላይ ያለውን ስም ፊደል በፊደል ገልብጡ፤ ሌላውን አጻጻፍ ደግሞ ሌላ ስም ተጠቅመው እንደሆነ በሚጠይቀው ቦታ ያስፍሩ። ይህ የሚጠቅመው የፖሊስ ምርመራ በስምና በልደት ቀን ስለሚካሄድ ነው። የልደት ቀኑም ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲቀየር የተዛባበት ሰው በመታወቂያው ላይ ያለውን ይጻፍ።

ስለ ክስና ፍርድ የሚጠይቁትን ሣጥኖች በግምት አይሙሉ። ጉዳዩ እንዴት እንደተዘጋ የማያስታውሱ ከሆነ ክሱ ከታየበት ፍርድ ቤት የመዝገቡን ቅጂ ያውጡ። በቅጹ ላይ ሆን ብሎ ሐሰት መጻፍ በሐሰት የመማል ወንጀል ነው። ቅጹን ቤትዎ አይፈርሙ፤ በቃለ መሐላ የሚቀርብ ስለሆነ ፊርማው በክለርኩ (በፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ኃላፊ) ወይም በኖተሪ (ፊርማ አረጋጋጭ) ፊት ይደረጋል።

ደረጃ 4፦ ለሚኖሩበት አካባቢ ሰርኪዩት ኮርት ያስገቡ

ማመልከቻው የሚገባው ለፖሊስ ጣቢያ አይደለም፤ ለሚኖሩበት ካውንቲ ወይም ከተማ ሰርኪዩት ኮርት (የአካባቢው ዋና ፍርድ ቤት) ክለርክ ቢሮ ነው። አሌክሳንድሪያ የሚለው አድራሻ እዚህ ላይ ያሳስታል። በፖስታ አድራሻቸው «አሌክሳንድሪያ» የሚሉ ብዙ ቤቶች፣ በተለይ ከከተማዋ በስተደቡብ ያሉት፣ በእርግጥ የሚገኙት በፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ነው። የመኪናዎ ግብር ለማን እንደሚከፈል ይመልከቱ፤ ፍርድ ቤትዎም እዚያው ነው። በተሳሳተ ቦታ ያስገባ ሰው ይመለሳል።

ክፍያው ከሦስት ይመጣል፦ ለክለርኩ 10 ዶላር፣ ለአካባቢው ፖሊስ እስከ 35 ዶላር፣ ለስቴቱ ፖሊስ እስከ 5 ዶላር። በምን እንደሚቀበሉ፣ ቀጠሮም ያስፈልግ እንደሆነ አስቀድመው ይደውሉ። ያስገቡበትን ቀን የሚያሳይ ደረሰኝ ይያዙ፤ ለቀጣዩ ደረጃ ያስፈልጋል።

ደረጃ 5፦ 45 ቀን ይጠብቁ

ፍርድ ቤቱ የተሟላ ማመልከቻ ከደረሰው ቀን አንሥቶ በ45 ቀን ውስጥ ፈቃዱን መስጠት ወይም መከልከል አለበት። ቀኑ ካለፈና ምላሽ ካልመጣ፣ ክለርኩ ጊዜው ማለፉን በማመልከቻው ላይ አረጋግጦ ቅጂውን ይልክልዎታል፤ ያ ወረቀት ለ90 ቀን እንደ ጊዜያዊ ፈቃድ ያገለግላል። ወረቀቱ እጅዎ ሳይገባ ግን «45 ቀኑ አልፏል» ብለው ሽጉጥ አይሸሽጉ።

ከተከለከሉ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጥዎታል። በ21 ቀን ውስጥ ዳኛ ፊት ቀርበው በቃል የሚያስረዱበት ችሎት መጠየቅ ይችላሉ። ከሌላ ሰው ጋር በስም በመመሳሰል የተከለከለ ሰው በዚሁ ችሎት ሊያስተካክለው ስለሚችል ቀኑ እንዳያመልጥዎ። የሚያቆሙት ጠበቃ በራስዎ ወጪ ነው።

ደረጃ 6፦ ፈቃዱ የማይሠራባቸውን ቦታዎች ይለዩ

ፈቃድ ይዘውም የማይገቡባቸው ቦታዎች አሉ። ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ትምህርት ቤቶች የተከለከሉ ናቸው፤ ልጅ ለማድረስ ወደ ግቢው በመኪና የሚገባ ባለ ፈቃድ ግን ከመኪናው እስካልወረደ ድረስ አይጠየቅም። ከመኪናው ወርዶ ልጁን እስከ በር የሚያደርስ አባት ሕጉን ጥሷል። ፍርድ ቤቶች፣ የስቴቱ መንግሥት ሕንፃዎች፣ የደለስና የሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ተርሚናሎችም ክልክል ናቸው። የሶሻል ሴኩሪቲና የኢሚግሬሽን ቢሮዎችን የመሳሰሉ የፌዴራል ሕንፃዎች በፌዴራል ሕግ ይጠበቃሉ፤ በፖስታ ቤት ደግሞ ክልከላው መኪና ማቆሚያውንም ያካትታል።

ከጁላይ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ከተሞችና ካውንቲዎች በራሳቸው ሕንፃ፣ መናፈሻና መዝናኛ ማዕከል መሣሪያ መከልከል ተፈቅዶላቸዋል። አሌክሳንድሪያ፣ አርሊንግተንና ፌርፋክስ ካውንቲ ይህን ደንብ አውጥተዋል። ስለዚህ በካውንቲ መናፈሻ በሚደረግ የልጆች እግር ኳስ ወይም የማኅበር ሽርሽር ላይ ፈቃድዎ አይጠቅምዎትም። የግል ይዞታ ባለቤትም፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ሱቅ፣ መከልከል ይችላል፤ ውጣ ተብሎ አልወጣም ያለ ሰው በሰው ይዞታ ያለ ፈቃድ በመቆየት ይከሰሳል።

መጠጥ ለብቻው ይታይ። አልኮል በሚያቀርብ ምግብ ቤት ሽጉጥ ሸሽገው መቀመጥ ይችላሉ፣ ግን እዚያው እያሉ አንዲት ጠብታ መጠጣት ወንጀል ነው። አንድ ቢራ ወይም አንድ ብርሌ ጠጅ «አያሰክርም» የሚለው ክርክር ዋጋ የለውም፤ ሕጉ የሚከለክለው ስካሩን ብቻ ሳይሆን መቅመሱን ጭምር ነውና።

ደረጃ 7፦ የስቴት ወሰን ከመሻገርዎ በፊት ሽጉጡን ቤት ይተዉ

ዲሲም ሜሪላንድም የቨርጂኒያን ፈቃድ አይቀበሉም። በዲሲ ያለ ዲሲ ፈቃድ ሽጉጥ ይዞ መገኘት እስከ 5 ዓመት የሚያስቀጣ ከባድ ወንጀል ነው። በሜሪላንድም ያለ ፈቃድ መያዝ ያሳስራል። በቨርጂኒያ ሕጋዊ የነበረ ሰው ወደ ዲሲ የሚያስገባውን 14ኛ ስትሪት ድልድይ ሲሻገር፣ ምንም ሳያደርግ፣ ተከሳሽ ይሆናል።

ወሰኑ ሰው እንደሚያስበው ወንዙ መሀል አይደለም። ዲሲ የፖቶማክን ውኃ እስከ ቨርጂኒያ ዳርቻ ድረስ ይይዛል። ከአሌክሳንድሪያ ወደ ማክሊን በጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይ የሚሄድ ሰው አንድም ጊዜ ወንዙን ሳይሻገር፣ ከፔንታጎን አጠገብ ኮለምቢያ አይላንድ ላይ ሲደርስ ለጥቂት ጊዜ ዲሲ ውስጥ ይነዳል። ወደ ሜሪላንድ የሚያሻግረው የውድሮው ዊልሰን ድልድይም መሀሉ ላይ የዲሲን ጫፍ ይነካል። ሽጉጥ የያዘ ሰው በእነዚህ መንገዶች ፋንታ በ395 ወይም በ495 አውራ ጎዳና የቨርጂኒያ ክፍል ቢጓዝ ይሻለዋል።

የፌዴራሉ የመተላለፊያ ሕግ፣ በ1986 የወጣው፣ ከተፈቀደበት ስቴት ወደ ሌላ የተፈቀደበት ስቴት የሚያልፍ መንገደኛን ይጠብቃል። ሽጉጡ ጥይት ያልጎረሰ፣ እርሱም ሆነ ጥይቱ ከተሳፋሪው የማይደረስ መሆን አለበት። ትራንክ (የተለየ የኋላ ዕቃ መጫኛ) የሌለው መኪና ከሆነ በተቆለፈ ሣጥን መቀመጥ አለበት፤ ከፊት ያለው የወረቀት ማስቀመጫና በወንበሮቹ መካከል ያለው ክፍል ቢቆለፉም አይቆጠሩም። ይህ ጥበቃ ከቨርጂኒያ ወደ ፔንሲልቬኒያ ለሚጓዝ ሰው ይሆናል። ዲሲ ውስጥ ሲጭን ሲያወርድ ለሚያመሽ ሹፌር አይሆንም።

ማስጠንቀቂያ ለግሪን ካርድ ባለቤቶች፦ በኢሚግሬሽን ሕግ መሠረት መሣሪያን ከሕግ ውጭ በመያዝ፣ በመግዛት ወይም በመሸከም የተፈረደበት ዜጋ ያልሆነ ሰው ከአገር ሊባረር ይችላል። ጥፋቱ የትኛውም ስቴት ሕግ ቢሆን፣ ቅጣቱም ቀላል ቢሆን ለውጥ የለውም። የወንጀል ጠበቃዎ «ጥፋተኛ ነኝ በል፣ በገደብ ትወጣለህ» ቢልዎት፣ ከመፈረምዎ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይየው።

በዲሲ ወይም በሜሪላንድ መያዝ የግድ ከሆነብዎ የየራሳቸውን ፈቃድ ያወጣሉ፤ የቨርጂኒያ ነዋሪም ማመልከት ይችላል። ሜሪላንድ የ16 ሰዓት ሥልጠና፣ የተኩስ ፈተናና የጣት አሻራ ትጠይቃለች፤ ማመልከቻው ለስቴቱ ፖሊስ ይቀርባል። ዲሲ 16 ሰዓት የክፍልና 2 ሰዓት የተኩስ ሥልጠና ትጠይቃለች፤ የሚቀበለውም የከተማዋ ፖሊስ ነው። በሜሪላንድ የሚኖርና ቨርጂኒያ የሚሠራ ሰው ደግሞ ነዋሪ ላልሆኑ የሚሰጠውን ፈቃድ ከቨርጂኒያ ስቴት ፖሊስ ይጠይቃል።

ደረጃ 8፦ ፖሊስ ሲያስቆምዎ

ሽጉጥ በያዙ ጊዜ ሁሉ ፈቃዱና ባለ ፎቶ መታወቂያው አብረውዎ ይኑሩ፤ ፖሊስ ሲጠይቅ ሁለቱንም ማሳየት ግዴታ ነው። በቨርጂኒያ ሳይጠየቁ የመናገር ግዴታ የለብዎትም፤ በዲሲ ግን አለ። ሌሊት ከሆነ የውስጥ መብራቱን ያብሩ፣ ሁለቱንም እጆች መሪው ላይ ያድርጉ፣ ሽጉጡ ወዳለበት አቅጣጫ እጅዎን አይስደዱ። በእንግሊዝኛ ሲናገሩ «ጋን» (ሽጉጥ) በሚለው ቃል አይጀምሩ፤ በጨለማ ውስጥ የተሰማ ያ ቃል ዛቻ ይመስላል። «አይ ሃቭ ኤ ኮንሲልድ ካሪ ፐርሚት» (ሸሽጎ የመያዝ ፈቃድ አለኝ) ይበሉና እጅዎን ሳያንቀሳቅሱ ቀጥሎ ምን እንዲያደርጉ እንደሚፈልግ ይጠይቁት።

የተለመዱ ስሕተቶች

ኡበርና ሊፍት እያሽከረከሩ መያዝ። ሁለቱም ድርጅቶች ሹፌርም ሆነ ተሳፋሪ መሣሪያ እንዳይዝ ይከለክላሉ፤ የስቴት ፈቃድ መኖሩ አካውንትዎ እንዳይዘጋ አያደርግም። ጥያቄውን አብዝተው የሚያቀርቡት ሹፌሮች በመሆናቸው ይህን ከማመልከቻው በፊት ይመዝኑት።

ለሌላ ሰው መግዛት። መግዛት ለማይችል ዘመድ ወይም ወዳጅ «በስሜ ልግዛለት» ማለት እስከ 15 ዓመት የሚያስቀጣ የፌዴራል ወንጀል ነው።

ሽጉጡን ያለ ማኅደር ወገብ ላይ መሻጥ። ልብስ ምላጩ ውስጥ ገብቶ ሊያስተኩስ ስለሚችል ምላጩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጠንካራ ማኅደር ይግዙ።

ቤት ውስጥ ትራስ ሥር ወይም ቁም ሣጥን ላይ መተው። ልጅ ሊደርስበት በሚችል ቦታ ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ሳይቆልፉ መተው ወንጀል ነው፤ በጣት አሻራ ወይም በቁጥር የሚከፈት ትንሽ ካዝና ለዚህ ይበቃል።

የተኩስ ልምምድ ቦርሳን ለጉዞ መጠቀም። በኪሱ የተረሳ አንድ ጥይት ወይም ካዝና በደለስ ፍተሻ ላይ ይያዛል። ወደ አዲስ አበባ የሚበሩ ከሆነ ጉዳዩ ይከብዳል፤ በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያም ጥይትም ማስገባት አይቻልም።

እድሳት

ፈቃዱ 5 ዓመት ያገለግላል። ሊያልቅ 180 ቀን ሲቀረው ጀምሮ በፖስታ ማደስ ይቻላል፤ ቢያንስ 90 ቀን ሲቀረው ያስገቡ እንደሆነ አዲሱ የሚጀምረው አሮጌው በሚያበቃበት ቀን ስለሆነ ጊዜ አይባክንብዎትም። ሥልጠናውን እንደገና መውሰድ አይጠየቅም። አድራሻ ከቀየሩ ፈቃዱን ለሰጠው ክለርክ በጽሑፍ አሳውቀው ምትክ ያውጡ፤ ወደ ሜሪላንድ ከተዛወሩ ግን ሽጉጡን በ90 ቀን ውስጥ ለስቴቱ ፖሊስ ማስመዝገብ ይኖርብዎታል፤ የመያዝ ፈቃዱንም እዚያ ከመጀመሪያው ይጠይቃሉ።